ሣራና አዳም ይጋቡ ወይስ ይለያዩ?

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ከድሬዳዋ ነኝ፤ ገንደ ቆሬ። ቀን ቀን መጋዘን ውስጥ ሒሳብ እይዛለሁ። ማታ ማታ ልብ ወለድ ልጽፍ እታገላለሁ። አንድ የፍቅር ታሪክ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። አሥራ አንድ ምዕራፍ ጨርሻለሁ፤ አሥራ ሁለተኛው ላይ ቆሜያለሁ።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሣራ የድሬ ልጅ ናት፤ አባቷ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነው፤ ከዚራ በዛፍ ጥላ ሥር ነው ያደገችው። አዳም የሐረር ልጅ ነው፤ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ልብስ ይሰፋል። ሣራ ለአክስቷ ሠርግ ቀሚስ ልታሰፋ ሐረር ትወጣለች። ልኬት ሲወስድ እጁ ይንቀጠቀጥና ቀሚሱ ይጠብባታል። ለማስተካከል ተመልሳ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ ያልጠበበ ቀሚስም ይዛ መሄድ ትጀምራለች። አዳም ግን ኪሱ ባዶ ነው። ገንዘብ አጠራቅሜ እመለሳለሁ ብሎ በባቡር ጅቡቲ ይወርዳል። ሣራ ትጠብቃለች።

ሁለት መጨረሻ ጽፌያለሁ። በአንደኛው አዳም ይመለሳል፤ ለገሃር ላይ ትቀበለዋለች፤ ይጋባሉ። በሁለተኛው ባቡሩ ድሬ የሚገባው ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ጠዋት ነው። ሌሊቱን የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሣራን ወስዷታል።

እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። የሚያስለቅስ ታሪክ አይረሳም ባይ ነኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ከዚያ በኋላ የሆነው

ሦስት ሳምንት አለፈ፤ 34 መልስ መጣ። አዲስ የምትገቡ ሰዎች ያን ሁሉ ከላይ እስከ ታች ከምታነቡ፣ ምን እንደተባለ በራሴ አፍ በየተራ ልንገራችሁ። የተሰደብኩባቸውንም አልዘለልኩም።

መልስ 1። የሳቢያን ሰው የሆነች የአማርኛ መምህርት ናት የጀመረችው። በጣም በጨዋ ደንብ፣ አንቱ እያለችኝ። ድምጿን ለአሳዛኙ ሰጠች። ማስረጃዋም ሁላችንም የምናውቀው ነበር፤ ፍቅር እስከ መቃብር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ቢጋቡ ኖሮ ዛሬ ማን ያስታውሳቸው ነበር የሚል ነው ነገሯ። ልጅ ሆና በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ስትሰማው እናቷ ሽሮውን ምድጃ ላይ ረስታ እንዳሳረረች ጨመረችበት። እኔም ደስ አለኝ። የፈለግኩት መልስ በመጀመሪያው ደቂቃ መጣልኝ።

መልስ 2 እንደምትስማማ ብቻ ተናግራ የሚያለቅስ ፊት አስቀምጣ ሄደች።

መልስ 3 ግን አርሞ መጣ። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ አጻጻፉ የቤተ መጻሕፍት ሰው ይመስላል። አሳዛኝ መጨረሻ የአማርኛ ልብ ወለድ ባሕርይ ነው የሚለው ነገር ልክ እንዳልሆነ አስረዳ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ልብ ወለድ ታሪክ ብለው ያሳተሙት፣ ኋላም ጦቢያ የተባለው መጽሐፍ የሚያልቀው በሠርግ ነው። ጦርነት፣ ምርኮ፣ መለያየት ሁሉ አለበት፤ መጨረሻው ግን ድግስ ነው። ልብ ወለድ የሚለውን ቃል ራሱን የሰጠን መጽሐፍ በሠርግ ካለቀ፣ ሠርግ የባዕድ ነገር ነው ማለት አይቻልም ባይ ነው።

መልስ 4 መምህርቷ ናት። አንቱታው ትንሽ ቀዝቀዝ አለ። ያ መጽሐፍ የሚታወሰው ቀዳሚ ስለሆነ እንጂ በሠርጉ አይደለም አለች። መልስ 5 ያው ሰውዬ ነው። ስንቶቻችን እስከ መጨረሻው እንዳነበብነው ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም። እኔም ዝም አልኩ፤ ምክንያቱን ገምቱት።

መልስ 6። ባጃጅ ነጂ ነው። ሰው ሲጠብቅ በስልኩ ነው የሚያነበው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ በዚያ ሙቀት ሲሽከረከር ውሎ፣ ማታ ደግሞ ሰው ሲሞት ማንበብ እንደማይችል ተናገረ። አሳዛኙን ነገር ኑሮ በነጻ እያደለን፣ ለምን ተከፍሎ ይገዛል ነው ጥያቄው። አቦ አጋባቸው፣ ሠርጉ ላይም ዘፈን ይኑር ብሎ ጨረሰ። ከ34ቱ መልስ ብዙ ሰው የወደደው የእሱ ነው። ይቺን ሳልናገር ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር።

መልስ 7 ከካናዳ ነው። የድሬ ልጅ ሆኖ ከወጣ ብዙ ዘመኑ ነው። እንግሊዝኛ የሚያነቡት ዘንድ ይህ ጥያቄ በስም የተፈታ መሆኑን ነገረን። እዚያ ሮማንስ ተብሎ የሚሸጥ መጽሐፍ ቃል ኪዳን አለው። የአሜሪካ የሮማንስ ጸሐፊዎች ማኅበር ራሱ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ የታሪኩ ግንድ ፍቅር እንዲሆንና መጨረሻው ልብ የሚያሳርፍ፣ ተስፋ ያለው እንዲሆን። ሴትየዋን በመጨረሻው ገጽ ከገደልካት መጽሐፉ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ሮማንስ ግን አይባልም፤ አንባቢውም ተታለልኩ ይላል። እሱ እንደሚለው ሰዎቹ የሚገዙት መጨረሻውን ለማወቅ አይደለም፤ መጨረሻውንማ ያውቁታል። የሚገዙት እንዴት እዚያ እንደሚደርሱ ለማየት ነው።

ይሄ ነገር አሳሰበኝ። የሐረር ሠርግም እንደዚያው ነው፤ ሙሽሪት እንደምትወጣ ሁሉም ያውቃል፤ ግን ሁሉም ይጠብቃል።

መልስ 8 በካናዳው ሰው ላይ ተቆጣ። እዚህ የምንነጋገረው ስለ ሐረርና ስለ ድሬ እንጂ ስለ ፈረንጅ ሱቅ አይደለም፣ ደግሞ ከውጭ ሆኖ ማስተማር ቀላል ነው፣ ወዘተ። የካናዳው ሰው ሳይቀየም መለሰ (መልስ 9)። ፈረንጆቹም እንደሚጣሉ አስታወሰው፤ እንግሊዛዊው ደራሲ ዲከንስ በ1861 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አንዱን ልብ ወለዱን በመለያየት ጨርሶት ሳለ፣ ጸሐፊ ወዳጁ መክሮት ከመታተሙ በፊት ተስፋ ያለው አድርጎ ቀየረው። የትኛው እንደሚሻል እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ተቆጪው አልተመለሰም። ከዚያ ሁሉም አንድ ምዕራፍ አሳየን አለኝና ሦስተኛውን ምዕራፍ፣ ኋላም የቀሩትን ለጠፍኩ። ባልለጥፍ ይሻለኝ ነበር።

መልስ 10 የመጣው ከጁገል ነው፤ ራሱ ልብስ ሰፊ ነው። እኔ መኪና ግርግርን ሸዋ በር አጠገብ አድርጌው ነበር። መኪና ግርግር ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የሚወስደው መንገድ መሆኑን፣ ስሙንም ያገኘው ከስፌት መኪናው ጩኸት መሆኑን በትዕግሥት አስረዳኝ። ቀጥሎ ትዕግሥቱ አለቀ። ልኬት ሲወስድ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰፊ አንድ ሳምንት ሥራ ላይ እንደማይቆይ ተናገረ። ሰፊ ሲደነግጥ የሚሳሳተው ልኬቱን አይደለም፤ ልኬቱን በልቡ ይይዝና ሳይጽፈው ይረሳል። ይህችን ወስጃታለሁ። አሁን ምዕራፍ ሦስት ላይ አዳም ቁጥሩን ሳይጽፍ ነው የሚሸኛት። ማታ በጭንቅላቱ ሊያስታውስ ሲሞክር የሚመጣለት ፊቷ ብቻ ነው።

መልስ 11። ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሰው ናቸው። በቦንዡር ጀምረው በአማርኛ ቀጠሉ። ሐዲዱ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር እንደነበር፣ ከዚያ ውስጥ ከድሬ እስከ ጅቡቲ ያለው ከ310 ትንሽ እንደሚያልፍ ነገሩን። ነጥባቸው ግን ሌላ ነው። በሁለቱም መጨረሻዎቼ ባቡሩ በሰዓቱ ይደርሳል። እሳቸው በሥራ ዘመናቸው እንዲህ ያለ ባቡር ብዙ አላጋጠማቸውም። ሐዲዱ ላይ ግመል ይተኛል፣ ሞተር ይታመማል፣ መንገዱ ይቆረጣል። ሣራ ጠብቃ፣ ሰልችታ፣ ቤቷ ገብታ እራት በልታ፣ ተመልሳ መምጣት አለባት። እንደዚያ ካልሆነ የባቡር ሠራተኛ ልጅ አይደለችም። ስለ ሁለተኛው መጨረሻ የጻፉት አንድ መስመር ነው፤ ዝም ማለት እንደሚሻላቸው። ያኔ አልገባኝም።

ከመልስ 12 እስከ 17 ያለውን ባልፈው ማንም አይጎዳም። ሣራና አዳም ምዕራፍ ሦስት ላይ ፈቲራ ይበላሉ፤ እኔ በማር ብቻ ብዬ ጽፌያለሁ። አንዱ ያለ እንቁላል ፈቲራ የለም አለ። ሌላዋ ማርና እንቁላል አንድ ላይ ካልሆነ አለች። አንዱ የሐረሩ ይበልጣል ሲል የድሬ ልጆች ተነሱበት። የአዳም እናት ለእንግዳ ሻይ ሳይሆን ሆጃ ነው የምታቀርበው የሚልም መጣ። ስለ ፍቅር ከተባለው ሁሉ በላይ ስለ ፈቲራ ተባለ። ለማንኛውም አሁን እንቁላል አለው።

መልስ 18። ይህን ሳነብ ሥራ ቦታ ነበርኩ። ስልኬን ደፍቼ ለጥቂት ጊዜ ቁጭ አልኩ።

ሴት ናት። በዚያ ሌሊት ደቻቱ ዳር ይኖሩ ነበር። ማንን እንዳጣች እዚህ አልደግመውም፤ የእሷ ነገር ነው። ዝናቡ የጣለው ደጋው ላይ ነበር፤ ጎርፉ በሌሊት፣ ሰው በተኛበት ደረሰ። ከ250 በላይ ሰው ሞቷል። እኔ ቀኑንና ወሩን አስተካክዬ መጻፌ ይበልጥ እንዳናደዳት ተናገረች። ቀኑን ለማወቅ ደክሜያለሁ፤ በዚያ ቀን የሞተ ሰው ምን እንደሚመስል ለማወቅ ግን አልደከምኩም። አሥራ አንድ ምዕራፍ ሙሉ ወንዙን አንድ ጊዜ እንኳ ሳላነሳ፣ መጨረሻ ላይ ገጸ ባሕርይ የሚያስወግድልኝ ሲቸግረኝ ጠራሁት። የሷ ሰው የእኔ ታሪክ መዝጊያ እንዳልሆነ ነግራኝ ወጣች።

መልስ 19 አንድ ጎረምሳ ነው። ልብ ወለድ እኮ ነው፣ የማይወድ አያንብብ አላት። መልስ 20፣ 21 እና 22 በእሱ ላይ ወረዱበት። ባጃጅ ነጂው ከሁሉ ባሰ፤ የተናገረውን እዚህ መጻፍ አልችልም። መምህርቷ ነገሩን አበረደችው። መልስ 23 የእኔ ነው። ይቅርታ ጠየቅኳት። የጎርፉን ምዕራፍ እንደማጠፋው ቃል ገባሁ፤ የዚያኑ ማታ አጠፋሁት። 14 ገጽ ነበር። ጥሩ የጻፍኩት የመሰለኝ እሱን ነበር።

ታዲያ አሁን አንድ መጨረሻ ብቻ ቀረኝ። ሠርጉ። ባጃጅ ነጂው እልል አለ። እኔ ግን ሠርጉንም ደግሜ ሳነበው እንደ ጎርፉ ሆነብኝ። ይሄኛውም ከሰማይ ዱብ ያለ ነው፤ ልዩነቱ ውሃ ባለመሆኑ ብቻ ነው። ይህንኑ ጻፍኩ (መልስ 24)።

መልስ 25 ከየት እንደሆነ አይናገርም። አጭር ነው፤ ሹል ነው። የገጸ ባሕርያቱን ስም ልብ ብዬ እንዳየው ጠየቀኝ። ሣራ። አዳም። ሁለቱም ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የሚያውቃቸው ስሞች ናቸው። አሥራ አንድ ምዕራፍ ሙሉ አንድም ሰው ሲጸልይ፣ አንድም ሰው ሲጾም አይታይም። በዓል ሲመጣ በዓል ብቻ ብዬ አልፈዋለሁ። ሐረርና ድሬ ላይ ይህ የማይሆን ነገር ነው፤ ሆን ብሎ የሸሸ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚጽፈው። ልጁን ጅቡቲ የሰደድከው ገንዘብ አጥቶ አይደለም፤ ጎርፉንም የጠራኸው ሽማግሌ መላክ ፈርተህ ነው አለኝ።

ለዚህ መልስ ለመስጠት አራት ቀን ፈጀብኝ። ስሞቹን በእርግጥ አስቤባቸው ነው የመረጥኩት። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። እዚህ አገር አብሮ መኖር ችግር የለም፤ የጎረቤትን በዓል እናከብራለን፣ ሐዘን ላይ አብረን እንቀመጣለን። ሽማግሌ የሚያንኳኳው በር ላይ ግን ነገር ይቀየራል። በእኛም ቤት የማይነሳ የአንዲት አክስቴ ታሪክ አለ። እዚህ አልተርከውም። ግን ምዕራፍ አንድ ላይ ሣራ ለማን ሠርግ ቀሚስ እንደምታሰፋ ተመልከቱ። ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ነው እኔም ያየሁት።

መልስ 27 መምህርቷ ናት፤ ድምጿን አነሳች። የዚያን ሰሞን ፍቅር እስከ መቃብርን እንደገና ገልጣው ነበር። ያገኘችው እንዲህ ነው። በዛብህን ወላጆቹ ገና በሕፃንነቱ ለቤተ ክርስቲያን ተስለውታል። ፊታውራሪ መሸሻ የዘር ነገር ይዟቸው ለልጃቸው የሚመጣውን ሁሉ ይመልሳሉ። ሞቱ መጨረሻው ገጽ ላይ ይምጣ እንጂ የተዘራው መጀመሪያ ላይ ነው። አንባቢው ሲመጣ እያየው ነው የሚያለቅሰው። እኔን አሳዛኝ አድርገው ስትለኝ ይህን ማሰብ ነበረባት፤ ይቅርታም ጠየቀች። ከዚያ መልስ 3ን የጻፈውን ሰው ጠርታ ስለ ሠርጉ መጽሐፍም ተመሳሳይ ነገር እንዳለ ጠየቀችው። ሁለቱ እስከ መልስ 30 ብቻቸውን ሲያወሩ ነበር። አሁን መጽሐፍ ይዋዋሳሉ መሰለኝ። የዚህ ውይይት ብቸኛው የፍቅር ታሪክ እሱ ነው ብሎ የካናዳው ሰው ቀለደ፤ መምህርቷ አልሳቀችም።

መልስ 32 ከሐረር፣ እናት ናቸው፤ ልጃቸው ናት የጻፈችላቸው። ሦስተኛ መንገድ እንዳለ ነገሩኝ። የልጅነት ጓደኛቸው የምትወደውን ሳታገባ ቀረች፤ እሱም ሌላ አገባ። ዛሬ ሁለቱም አያቶች ናቸው፤ ቤታቸው የሚራራቀው ሁለት ጠባብ መንገድ ነው። ገበያ ላይ ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ። እሱ ሁልጊዜ የእግሯን ሕመም ይጠይቃታል። አሁን ይህ ደስታ ነው ሐዘን ብለው ጠየቁኝ። አላወቅኩም። ታሪኩን ልወስደው ፈለግኩ፤ ግን የሰው ነው። ካለፈው ተምሬ ተውኩት።

መልስ 33 የሣራን ነገር አነሳ። የአንዲት ተማሪ ነው። አዳም ምን እንደሚሰፋ፣ ምን እንደሚያልም፣ ጅቡቲ ላይ ምን እንደሚጭን ሁሉ ተጽፏል። ሣራ ግን ወይ ትጠብቃለች ወይ ትሞታለች። ምን እንደምትፈልግ አንድም ሰው አልጠየቃትም፤ እኔም፣ ከእሷ በፊት የመለሱትም። ትክክል ናት። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ምዕራፍ ስምንት ላይ ሣራ የምትናገረው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሦስቱም ጊዜ እሺ ነው።

ስለዚህ ከምዕራፍ ሰባት ጀምሬ እያፈረስኩ ነው። አዳም ጅቡቲ አይወርድም። ሣራ ደንገጎን በሚኒባስ ወጥታ ሐረር ትሄድና እኔ አባቴን አናግሬአለሁ፣ አንተስ ትለዋለች። እሱ መቀሱን ያስቀምጣል። ስሞቻቸው አልተቀየሩም፤ ግን አሁን እሷ ትጾማለች፤ እሱ ዓርብ እኩለ ቀን ሱቁን ይዘጋል። ሽማግሌዎቹን መርጫለሁ። አንደኛው ጡረታ የወጡ የባቡር ሰው ናቸው፤ ጋሼ፣ ካነበቡት ይቅር ይበሉኝ።

መልስ 34 ትናንት ማታ የመጣ ነው። ባጃጅ ነጂው ነው። ሽማግሌዎቹ ገብተው ምን እንደተባሉ ጠየቀኝ። ገና እንደተቀመጡ፣ የሣራ እናትም ቡና እየቆላች እንደሆነ ነገርኩት።